ዶሮዋ ትርፍ ናት ወይስ ዕዳ? ትንሽ እርሻን በኮምፒውተር ማቀድና መምራት



በሲ.ኤም.ሲ፣ በአያትና በኮተቤ ከግቢ አጥር ጀርባ ብዙ ሥራ አለ። አንዱ ቤት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮ ይዟል። ሌላው ሁለት የወተት ላም ያልባል። ሌላው ደግሞ ከቤቱ ኋላ ባለችው ቁራሽ መሬት ላይ ቆስጣና ሰላጣ ይዘራል። መንግሥት በኅዳር 2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» የተባለውን መርሐ ግብር በአርባ ምንጭ ካስጀመረ ወዲህ ወተት፣ እንቁላል፣ የዶሮ ሥጋና ማር በየቤቱ ማምረት በየመድረኩ የሚነሳ ጉዳይ ሆኗል። የከተማ ግብርና የጡረተኛው መደጎሚያ፣ የወጣቱ መነሻ፣ የእናቶችም ገቢ እየሆነ ነው።

እነዚህን አምራቾች ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ብንጠይቃቸው ብዙዎቹ ይቸገራሉ፤ «አንድ እንቁላል ስንት ብር ያስወጣችኋል?» የሚሸጡበትን ዋጋ ሁሉም ያውቀዋል። ያመረቱበትን ዋጋ የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሰው በየቀኑ ገንዘብ እየቆጠረ በየወሩ ሊከስር ይችላል። ኪሳራውን የሚያየው መኖ መግዣ ሲያጣ ብቻ ነው።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው። ኮምፒውተር ወይም ስልክ ትንሽ እርሻን ለማቀድና ለመምራት ምን ይጠቅማል? የትኛው ፕሮግራም ለማን ይሆናል? እኛ ሙስሊሞችስ ዘካችንንና የሽርክና ሒሳባችንን ለማጥራት እንዴት እንጠቀምበታለን? አንድ በአንድ እንመልከት።

የፕሮግራም ዓይነቶች

ለእርሻ የሚሆኑ ፕሮግራሞችን በአራት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ነው። ኤክሴል፣ ጎግል ሺትስና በነፃ የሚገኘው ሊብሬ ኦፊስ በዚህ ውስጥ ይመደባሉ። ቁጥር ታስገባላችሁ፣ ፕሮግራሙ ይደምራል፣ ያካፍላል፣ በግራፍ ያሳያል። ኤክሴልና ጎግል ሺትስ በስልክም ይሠራሉ። ለመቶ ዶሮ ወይም ለሁለት ላም ከዚህ የተለየ ነገር አያስፈልግም ብለን እናምናለን።

ሁለተኛው ለእርሻ አስተዳደር ተብሎ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ «ፋርም ኦኤስ» ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው የሚችል ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን እንስሳና እያንዳንዱን መደብ በስሙ ይመዘግባል። በእያንዳንዱ ላይ የተሠራውን ሥራ፣ የተሰጠውን ግብአትና የተገኘውን ምርት በቀን ያስቀምጣል። በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ላይት ፋርም»ም በነፃ የሚሰጥ ነው። እነዚህ ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን አማርኛንና የኛን የዘመን አቆጣጠር መሠረት አድርገው የተሠሩ አይደሉም። ብዙ መደብ፣ ብዙ እንስሳና ከአንድ በላይ ሠራተኛ ላለው ሰው ድካማቸው ይክሳል።

ሦስተኛው አንድን ስሌት ብቻ የሚሠራ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በነፃ የሚሰጠው «ክሮፕዋት» የአካባቢን የአየር ሁኔታ፣ የአፈሩንና የሰብሉን ዓይነት ወስዶ ተክሉ ምን ያህል ውሃ እንደሚፈልግ ያሰላል። የመስኖ ባለሙያዎች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩበት ኖረዋል።

አራተኛው የምክርና የአገልግሎት መስመር ነው። በአገራችን የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ (የዛሬው ኢንስቲትዩት) ከግብርና ሚኒስቴርና ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የስልክ መስመር ይታወቃል። ገበሬው ደውሎ በራሱ ቋንቋ የተቀዳ ምክር ይሰማል፤ ኢንተርኔትም ሆነ ዘመናዊ ስልክ አያስፈልገውም። ግሪን አግሮ ሶሉሽን ያቋቋመው «ለእርሻ»ም በመተግበሪያ፣ በጥሪ ማዕከልና በወኪሎች በኩል ግብአት፣ የእርሻ መሣሪያ ኪራይና ምክር ያገናኛል።

አራቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው። ይሁንና ማንኛቸውም ቢሆኑ ያልተመዘገበን ነገር ሊያውቁ አይችሉም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከመዝገቡ ነው።

ምን እንመዝግብ?

ብዙ ሰው ሃያ አምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል። አምስት ነገር በቂ ነው፤ ቀን፣ የገባ (መኖ፣ መድኃኒት፣ ዘር፣ የሠራተኛ ደመወዝ) በመጠንና በብር፣ የወጣ ምርት በቁጥር ወይም በሊትር፣ የተሸጠ በመጠንና በብር፣ እንዲሁም የሞተ፣ የታመመ ወይም የተበላሸ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ቤት የተበላውና ለጎረቤት የተሰጠው ምርትም ይመዝገብ። ከ80 እንቁላል 10 ለቤት ቁርስ ከዋለ ዶሮዎቹ የጣሉት 80 ነው እንጂ 70 አይደለም። ይህ ካልተመዘገበ ዶሮዎቹ የደከሙ ይመስለንና ያለ ጥፋታቸው እንሸጣቸዋለን። መኖም በግምት ሳይሆን በሚዛን ይሰጥ። «ሁለት ጣሳ» የሚለው መለኪያ አባት ሲሰጥና ልጅ ሲሰጥ አንድ አይሆንም።

ጠዋት በደብተር፣ ማታ ወይም በሳምንት አንዴ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ለብዙ ቤት የሚመች አሠራር ነው። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ባይኖር ደብተሩ አለ።

የመቶ ዶሮ ስሌት

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን በአማካይ ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። 115 ግራም ብለን ብንይዝ መቶ ዶሮ በቀን 11.5 ኪሎ፣ በ30 ቀን 345 ኪሎ ይፈልጋል።

ከመቶው 80 በየቀኑ ከጣሉ በወር 2,400 እንቁላል ይገኛል። 345 ኪሎውን ለ2,400 ስናካፍል ለአንድ እንቁላል 144 ግራም ያህል መኖ ወጥቷል ማለት ነው። መጣሉ ወደ 60 ቢወርድ ግን ወርሃዊው ምርት 1,800 ሲሆን ለአንድ እንቁላል የሚወጣው መኖ 192 ግራም ገደማ ይደርሳል።

አሁን ወደ ብር እንለውጠው። ለስሌት እንዲመች ብቻ የመኖውን ኪሎ 50 ብር እናድርገው። በመጀመሪያው ወር አንድ እንቁላል በመኖ ብቻ 7 ብር ከ19 ሳንቲም ያስወጣል። በሁለተኛው ወር 9 ብር ከ58 ሳንቲም ይሆናል። ዶሮዎቹ ያው መቶ ናቸው፣ መኖውም ያው ነው፣ የገበያው ዋጋም አልተለወጠም። ትርፉን የበላው በየቀኑ የቀሩት 20 እንቁላሎች ናቸው። ይህ የመኖ ብቻ ነው፤ ክትባት፣ መብራት፣ ጉልበትና የጫጩቷ መግዣ ገና አልተደመሩም።

በሠንጠረዥ ፕሮግራም ይህን ስሌት አንድ ጊዜ ጽፋችሁ ከተዋችሁት በየሳምንቱ ራሱ ይሠራል። አንዱ አምድ የበላውን መኖ፣ ሌላው የተገኘውን እንቁላል፣ ሦስተኛው የሁለቱን ክፍያ ያሳያል። ሦስተኛው ቁጥር ሁለት ሳምንት በተከታታይ ሲጨምር ምክንያቱን መፈለግ ነው። መኖው ተለውጧል? ውሃ ይጎድላል? ብርዱ በርትቷል? በሽታ ገብቷል? ወይስ ዶሮዎቹ አርጅተዋል? ምክንያቱን የምታገኙት እናንተና የእንስሳት ሐኪሙ ናችሁ። የኮምፒውተሩ ድርሻ ከመዘግየት በፊት ማስጠንቀቅ ነው።

የላሟ ቀኖች

በወተት ላም ላይ ትልቁ ገንዘብ የሚጠፋው በተረሳ ቀን ነው። ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ድራት ታሳያለች። ከተዳቀለች በኋላ እስክትወልድ 283 ቀን ያህል ይፈጃል። ከመውለዷ ሁለት ወር በፊት ደግሞ መታለቧን አቁማ እንድትነጥፍ ይመከራል፤ ይህም ለጥጃውና ለሚቀጥለው ወተት ነው።

መስከረም 1 የተዳቀለች ላም እንውሰድ። መስከረም 22 አካባቢ ድራት ዳግም ካሳየች አልያዘችም። ከያዘች መውለጃዋ ሰኔ 14 አካባቢ ነው፤ መንጠፊያዋም ሚያዝያ 14። በኛ አቆጣጠር ወሩ 30 ቀን ስለሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 283 ቀን ማለት ዘጠኝ ወር ከ13 ቀን ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ የማዳቀያውን ቀን ብቻ ስታስገቡ ሦስቱም ቀኖች ራሳቸው ይወጣሉ። በስልክ ካሌንደር ላይ ማስታወሻ ቢያዝላቸው ደግሞ አይረሱም።

አንድ የ21 ቀን ዙር ሲያመልጥ ላሟ ሳትወልድ ሦስት ሳምንት ተጨማሪ ትቀለባለች። ይህ ሲደጋገም የአንድ ዓመት ትርፍ ሳይታወቅ ይሄዳል።

የመድኃኒት መዝገብም የዚሁ ክፍል ነው። አንቲባዮቲክ የተወጋች ላም ወተቷ ለተወሰኑ ቀናት ለሰው አይሰጥም። የቀኑ ብዛት በመድኃኒቱ ላይ ተጽፏል፤ ሐኪሙም ይናገራል። በመዝገባችን «የተወጋችበት ቀን» እና «ወተቷ የሚለቀቅበት ቀን» የሚሉ ሁለት አምዶች ይኑሩ። ጎረቤቱ ለልጁ የሚገዛው ወተት አማና ነው።

ሦስት የቀን አቆጣጠር በአንድ ግቢ

የኛ አንባቢ ሌሎች አገሮች የማያውቁት አንድ ችግር አለበት። ዝናቡንና ዘሩን በሰኔና በመስከረም ይቆጥራል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ወር ነው። በዓሉንና ዘካውን የሚወስነው ደግሞ የሒጅራው ዓመት ነው።

ኤክሴልና ጎግል ሺትስ ጳጉሜን አያውቁም። ወር 13 ብትሏቸው እንደ ቀን አይቀበሉም። መፍትሔው ሁለት አምድ ማድረግ ነው። በአንደኛው ፕሮግራሙ እንዲያሰላበት የፈረንጁን ቀን፣ በሁለተኛው እናንተ እንድታነቡት የኛን ቀን በፊደል ጻፉ። የኛን ቀን በፈረንጁ አምድ ውስጥ ማስገባት ግን ስሌቱን ሁሉ ያበላሻል፤ ፕሮግራሙ ስህተት መሆኑን አይነግራችሁምና።

የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ያጥራል። ለምሳሌ የዒድ አል-አድሓ (አረፋ) በዓል በ2016 ዓ.ም. ሰኔ 9፣ በ2017 ዓ.ም. ግንቦት 29 ነበር። በግ ለ90 ቀን አደልቦ ለአረፋ የሚያቀርብ ሰው በ2016 መጋቢት 9፣ በ2017 ደግሞ የካቲት 29 ላይ መጀመር ነበረበት። «ባለፈው ዓመት በመጋቢት ገዛሁ፣ ዘንድሮም በመጋቢት» ያለ ሰው በጉ ሳይደልብ በዓሉ ይደርስበታል። በሠንጠረዡ የበዓሉን ግምታዊ ቀን አስገብቶ 90 ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ትክክለኛው ቀን በጨረቃ መታየት የሚወሰን ስለሆነ አንድ ሁለት ቀን ማስቀረት ያስፈልጋል።

ገበያውን የሚወስነው የኛ በዓል ብቻ አይደለም። የክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ሁዳዴ 55 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ የእንቁላልና የወተት ፈላጊ ይቀንሳል፤ በፋሲካ ዋዜማ ደግሞ ይጨምራል። በ2017 ዓ.ም. ረመዷንና ሁዳዴ ተደራርበው እንደነበር እናስታውሳለን። ጫጩት የሚገዛ ሰው ዶሮዋ መጣል የምትጀምረው ከ18 እስከ 20 ሳምንት ባለው ጊዜ መሆኑን አስቦ፣ የመጀመሪያው እንቁላል ገበያው በቀዘቀዘበት ወቅት እንዳይወድቅበት ማቀድ ይችላል።

የጓሮ አትክልትና ውሃ

የእንጦጦ ተዳፋትና ከሥሩ ያሉት ሰፈሮች ቀዝቃዛ ናቸው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ቀይ ሥርና ሰላጣ ይስማማቸዋል። ብዙ ሰው የሚቸገረው ሁሉንም በአንድ ቀን ስለሚተክል ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይደርስና ግማሹ ይጠወልጋል። መደቡን ከፋፍሎ በየሁለት ሳምንቱ መዝራት ምርቱን ያከታትለዋል። በሠንጠረዥ ላይ እያንዳንዱን መደብ በረድፍ፣ ሳምንቱን በአምድ አድርጋችሁ የተያዘበትን ሳምንት ቀለም ብትቀቡት የዓመቱ ዕቅድ በአንድ ገጽ ይታያል።

ውሃውም በስሌት ይመራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 10 ሚሊ ሜትር የዘነበበት ቀን 50 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ እስከ 500 ሊትር ሊሰጥ ይችላል፤ ከፊሉ በመንገድ ይጠፋል። በበጋ አትክልቱ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ 40 ካሬ ሜትር መደብ 160 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ቁጥር ማወቅ ስንት መደብ መዝራት እንዳለብን ይወስናል። የራሳችሁን ሰብልና ወር ትክክለኛ ቁጥር ለማግኘት ከላይ የጠቀስነው ክሮፕዋት ያግዛል።

ዘካ፣ ሽርክናና ዕዳ

በቁርኣን ውስጥ ረዥሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 282 ላይ ያለው ነው፤ የሚናገረውም ዕዳን ስለ መጻፍ ነው። መዝገብ መያዝ ለኛ ከውጭ የመጣ ልማድ አይደለም።

ዘካን በተመለከተ የእርሻ ዓይነቱ ሕጉን ይለያየዋል። በዝናብ የበቀለ እህል አንድ አሥረኛው፣ በወጪና በድካም የተጠጣ ደግሞ የዚያ ግማሽ ይሰጣል። ስለዚህ የትኛው መደብ በምን ውሃ እንደበቀለ መመዝገብ ትርጉም አለው። አትክልትን በተመለከተ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ ኢማም አቡ ሐኒፋ ዘካ አለበት ሲሉ፣ ብዙኃኑ በአትክልቱ ላይ ሳይሆን ከሽያጩ ተጠራቅሞ ዓመት በሞላው ገንዘብ ላይ ነው ይላሉ። ለሽያጭ የተገዙ የሥጋ ዶሮዎች እንደ ንግድ ዕቃ ተቆጥረው ኒሳብ ከሞሉና የጨረቃ ዓመት ካለፈባቸው 2.5 በመቶ ይወጣባቸዋል። የእያንዳንዳችሁን ሁኔታ የምታውቁትን ዓሊም ጠይቁ። ዓሊሙ ግን መልስ የሚሰጠው በቁጥር ላይ ነው። «በቀኑ ስንት ብር፣ ስንት ዶሮ፣ ስንት ዕዳ ነበረህ?» ሲላችሁ መልሱ ከመዝገቡ ይወጣል።

ዓመቱ የጨረቃ መሆኑንም አትርሱ። ዘካውን በየዓመቱ መስከረም 1 የሚያሰላ ሰው በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ይዘገያል። በ33 የጨረቃ ዓመት ውስጥ ይህ አንድ ሙሉ ዓመት ይሆናል። የዘካ ቀናችሁን በሒጅራ ወስናችሁ በሠንጠረዡ አናት ላይ ጻፉት።

ሽርክናም እንዲሁ ነው። አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ግቢና ጉልበት አዋጥተው የሚሠሩ ወንድማማቾች ብዙ ናቸው። በሙዷረባ ትርፉ በተስማሙበት ድርሻ ይከፈላል፤ ጥፋት ከሌለበት የሠራተኛው ኪሳራ ድካሙ ነው፣ የገንዘቡን ኪሳራ ባለገንዘቡ ይሸከማል። ታዲያ ትርፍ ይኑር ኪሳራ በምን ይታወቃል? ሁለቱም በየስልካቸው የሚያዩት አንድ የጋራ ሠንጠረዥ ካለ ሐሜትም ጥርጣሬም መግቢያ ያጣሉ። በዱቤ የተሸጠው ወተትም በዚያው ይስፈር፤ ስም፣ ቀንና መጠን።

ከወለድ ነፃ ባንኮችም ሆኑ ሌሎች አበዳሪዎች ሥራውን ለማስፋት ለሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቁት ገቢና ወጪውን ነው። የአንድ ዓመት ንጹሕ መዝገብ ይዞ የሚቀርብ አርቢ በቃሉ ብቻ ከሚያስረዳው የተሻለ ይሰማል።

ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። መዝገቡን በሌላ ቦታም አስቀምጡ፤ በኢሜይል ለራሳችሁ መላክም ይበቃል።

ሁለተኛ፣ በቤቱ ውስጥ የሚመዘግበው ሰው አንድ ይሁን። ሁሉም ሲጽፍ ማንም አይጽፍም። ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚመቹት ልጆች ናቸው። አባትና እናት ሥራውን ያውቃሉ፣ ልጁ ሠንጠረዡን ያውቃል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ቤቱ ይጠቀማል።

ሦስተኛ፣ ክፍያ የሚጠይቅ ፕሮግራም ከመግዛታችሁ በፊት ነፃውን ሦስት ወር ሞክሩ። ያን ጊዜ የጎደላችሁን ነገር በትክክል ታውቁታላችሁ።

አራተኛ፣ ፕሮግራም ሐኪምን አይተካም። የዶሮ ፈንግል ክትባት መቼ እንደሚሰጥ ሠንጠረዡ ያስታውሳችኋል፤ የሚከትብላችሁ ባለሙያው ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ለመጀመር ኮምፒውተር መግዛት አያስፈልግም። በዚህ ሳምንት አንድ ገጽ ላይ ሰባት ቀን ብቻ መዝግቡ፤ የበላውን መኖ፣ የተገኘውን እንቁላል ወይም ወተት፣ የወጣውንና የገባውን ብር። በሰባተኛው ቀን አካፍሉትና አንድ እንቁላል ወይም አንድ ሊትር ወተት ስንት እንዳስወጣችሁ እዩ። ቁጥሩ ደስ ቢያሰኝም ባያሰኝም ከዚያ በኋላ የምትወስኑት ውሳኔ በዕውቀት ይሆናል።

አላህ በሥራችሁና በሪዝቃችሁ በረካ ያድርግላችሁ።